መድረክ አልባው ጉባኤ፦ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች የስብሰባ ልማድ አጭር ታሪክ

የሙያ ጉባኤ ሲባል በብዙዎች ሐሳብ የሚመጣው ሥዕል አንድ ዐይነት ነው። ከፍ ያለ መድረክ አለ፤ በመድረኩም ላይ አበባ የተቀመጠበት ጠረጴዛ፣ የውሃ ብርጭቆና ማይክሮፎን ይታያል። ከመድረኩ በታች ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። የተናጋሪዎቹ ስም ከብዙ ወራት በፊት ተወስኖ በወረቀት ታትሟል። የቀረው ተሰብሳቢ ድርሻ መጥቶ መስማት፣ ማጨብጨብ፣ ጊዜ ከተረፈም አንድ ሁለት ጥያቄ ማቅረብ ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለው ጉባኤ የተካፈለ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንዳተረፈ ቢጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ከመድረኩ የሰማውን ሳይሆን በሻይ ዕረፍት ጊዜ በመተላለፊያው ቆሞ ቀድሞ ከማያውቀው የሙያ ባልደረባው ጋር የተነጋገረውን ነው።

ይህ እውነት ለማንም ስውር አልነበረም። ሆኖም ከጉባኤው ሁሉ የሚጠቅመው የሻይ ዕረፍቱ ከሆነ ጉባኤው በሙሉ ለምን እንደ ሻይ ዕረፍት አይሆንም ብሎ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው የተከተለው ሰው ጥቂት ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት፣ በተለይም በኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ፣ ይህን ጥያቄ በተግባር ለመመለስ የተደረገው ሙከራ «አንኮንፈረንስ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «ጉባኤ ያልሆነ ጉባኤ» ማለት ነው። አስቀድሞ የተመረጠ ተናጋሪ የለውም፤ አስቀድሞ የታተመ አጀንዳም የለውም፤ አጀንዳውን የሚያወጡት በዕለቱ የተገኙት ተካፋዮች ራሳቸው ናቸው። ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንዳፈራና የት ላይ እንደሚሰናከል መመርመር ለማንኛውም የሙያ ማኅበር የሚበጅ ነው። በመሠረቱ የሚነሣው ጥያቄ ስለ ወንበር አደራደር አይደለምና፤ የአንድ ሙያ ዕውቀት የማን ነው የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጋራዥ የተነሣ ክለብ

ማርች 5 ቀን 1975 ማታ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ሜንሎ ፓርክ በተባለች ከተማ፣ ሠላሳ ያህል ሰዎች በጎርደን ፍሬንች መኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ተሰበሰቡ። የጠሯቸው ፍሬንችና ፍሬድ ሙር የተባለው ባልንጀራው ነበሩ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የታላላቅ ኩባንያዎችና የዩኒቨርሲቲዎች ንብረት እንጂ የግለሰብ ዕቃ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ግን አልቴር 8800 የተባለ፣ ገዥው ራሱ እየበየደ የሚገጣጥመው አነስተኛ ኮምፒዩተር ለገበያ ቀርቦ ነበርና፣ በጋራዡ የተገኙት ሰዎች ይህን መሣሪያ ለማየትና ስለ እርሱ ለመነጋገር የጓጉ ነበሩ። ማኅበራቸው «ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ» ተባለ። ስሙ በቤት ከሚጠመቅ መጠጥ የተወሰደ ነው፤ ጠላ በቤት እንደሚጠመቅ ሁሉ ኮምፒዩተርንም በቤት መሥራት ይቻላል እንደ ማለት ነው።

ክለቡ እያደገ ሲሄድ ስብሰባው ወደ ስታንፎርድ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል አዳራሽ ተዛወረ። ስብሰባውን ይመራ የነበረው ሊ ፌልሰንስታይን የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ያበጀው ሥርዓት ኋላ ለመጡት ጉባኤዎች ሁሉ እንደ ንድፍ ሊቆጠር የሚችል ነው። ስብሰባው በሁለት ይከፈል ነበር። በመጀመሪያው ክፍል የፈለገ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሣ ምን እንዳለው፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን አዲስ ነገር እንደ ሰማ ባጭሩ ይናገራል። ይህ «ካርታ ማንሣት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጥቶት ነበር፤ በአዳራሹ ውስጥ ያለው ዕውቀት የት የት እንደ ተቀመጠ ይታወቅበታልና። በሁለተኛው ክፍል ሁሉም ከወንበሩ ተነሥቶ ቀድሞ የለየውን ሰው ፈልጎ ያነጋግራል። ዕቃ ያለው ያሳያል፤ ንድፍ ያለው ያካፍላል፤ የቸገረው ይጠይቃል።

በመጀመሪያው ምሽት ከተገኙት አንዱ ስቲቭ ወዝኒያክ ነበር። ወዝኒያክ በኋላ ራሱ የነደፈውን ኮምፒዩተር ለክለቡ አባላት አሳየ፤ ንድፉንም አባዝቶ በነጻ አደለ። በ1976 ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው አፕል ኮምፒዩተር የተገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ነገር ግን የመካፈሉ ልማድ ጠብንም ወለደ። ገና ወጣት የነበረው ቢል ጌትስ በፌብሩዋሪ 1976 ለእነዚሁ አማተሮች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ እርሱና ባልደረቦቹ ለአልቴር ያዘጋጁትን የቤዚክ ፕሮግራም ብዙዎቹ ሳይከፍሉ እየገለበጡ እንደሚጠቀሙበት ገልጾ አጥብቆ ወቀሳቸው። እንግዲህ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሁለት እውነቶች ጎን ለጎን ቆመዋል ማለት ነው፤ በአንድ በኩል ዕውቀት ሲሰጥ እንደሚበዛ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሰጪው ድካም ዋጋ እንዳለው።

ከላይቤሪያ መንደር የተገኘ ትምህርት

ለእንዲህ ያለው ስብሰባ ደንብ ያወጣለትና ስም የሰጠው ግን ከኮምፒዩተር ሙያ ውጭ የሆነ ሰው ነው። ሃሪሰን ኦውን የተባለው አሜሪካዊ በመነሻው የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ዓመታት ከአሜሪካ የሰላም ጓድ ጋር በላይቤሪያ ሠርቷል። እዚያ ሳለም ባላማ በምትባል መንደር ወንዶች ልጆች ለዐቅመ አዳም የሚደርሱበትን በዓል ለማየት በቃ። በዓሉ አራት ቀን ፈጀ። መላው መንደር ተካፈለበት፤ ሥርዓቱ፣ ምግቡና ጭፈራው ሁሉ በየቦታው ነበር። ኦውንን ያስገረመው ግን አዘጋጅ ኮሚቴ የሚመስል ነገር አለማየቱ ነው። መንደሩ በክብ የተሠራ፣ መሐሉ ክፍት ሜዳ ነበር፤ ሰዎች ወደ መሐሉ ይጎርፋሉ፣ ተመልሰውም በየቤታቸው ይበተናሉ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1983፣ ኦውን 250 ያህል ሰዎች የተካፈሉበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ አዘጋጀ። ዝግጅቱ አንድ ዓመት ሙሉ ፈጀበት። ጉባኤው ሲያበቃ ተሰብሳቢዎቹም እርሱ ራሱም ከሁሉ ይልቅ የጠቀማቸው የቡና ዕረፍቱ እንደ ነበር ተስማሙ፤ ይኸውም የአዘጋጁ የዓመት ድካም ምንም ያልነካው ክፍል ነው። በ1985 በካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ ከተማ የዚያው ጉባኤ ተከታይ በተደረገ ጊዜ ኦውን ሌላ መንገድ ሞከረ። ወንበሮቹ በክብ ተደረደሩ። መነጋገሪያ ጉዳይ ያለው ሰው ወደ መሐል ገብቶ ጉዳዩን ይናገራል፣ በወረቀት ጽፎ በግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ ሌሎቹም እንደ ገበያተኛ ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተዘዋወሩ የሚፈልጉትን ይመርጣሉ። ዓመት የፈጀው ዝግጅት በአንድ ጧት አለቀ። ይህ ዘዴ «ኦፕን ስፔስ»፣ ማለትም «ክፍት ስፍራ» ተባለ። ኦውን ዘዴውን የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1992 አሳትሞ ለብዙዎች አዳረሰው፤ እርሱም በ2024 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

የክፍት ስፍራ መመሪያዎች አራት ናቸው። አንደኛ፣ ማን ቀረ ተብሎ አይቆጠርም፤ የመጣው ሁሉ ለጉዳዩ የሚገባው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ሊሆን ይችል በነበረው ነገር አይቆጭም። ሦስተኛ፣ ሥራው የሚጀመረው ደወል ሲደወል ሳይሆን ሐሳብ ሲበስል ነው። አራተኛ፣ ያለቀ ነገር በግድ አይራዘምም። ከእነዚህም በላይ «የሁለት እግር ሕግ» የሚባል አለ። በሕጉ መሠረት የማይማርበትና የማያስተምርበት ውይይት ውስጥ የተቀመጠ ሰው በእግሩ ተነሥቶ ወደሚጠቅመው ሊሄድ ይገባዋል። ታላቅ ሲናገር ተነሥቶ መውጣት እንደ ነውር በሚቆጠርበት ባህል ላደገ ሰው ይህ ሕግ ደፋር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የሕጉ መንፈስ ተናጋሪውን ማዋረድ አይደለም፤ በይሉኝታ ተቀምጦ ልቡ ሌላ ቦታ የሆነ አድማጭ ለተናጋሪውም ለራሱም ክብር እንዳልሆነ ማሳሰብ ነው።

ፉ እና ባር

ዘዴው ወደ ኮምፒዩተር ሙያ በሰፊው የገባው ከ2003 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ወር፣ የቴክኒክ መጻሕፍት አሳታሚው ቲም ኦራይሊ በሴባስቶፖል ካሊፎርኒያ በሚገኘው የድርጅቱ ግቢ ወዳጆቹን ጠራ። እንግዶቹ በግቢው ውስጥ ድንኳን ተክለው አደሩ። በግድግዳው ላይ ክፍሎቹና ሰዓቶቹ ብቻ የተጻፉበት ባዶ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበርና፣ ያሻው ሁሉ የሚያቀርበውን ጉዳይ ጻፈበት። ስብሰባው «ፉ ካምፕ» ተባለ፤ «ፉ» የሚለው «የኦራይሊ ወዳጆች» የሚል ትርጉም ካላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገኘ ነው። ሰሌዳው ለገባው ሁሉ ክፍት ቢሆንም በሩ ግን ለተጠራ ብቻ ነበር።

ይህ ተቃርኖ ብዙ ሳይቆይ መልስ አገኘ። ኦገስት 2005 ፉ ካምፕ በሚደረግበት ሳምንት፣ ክሪስ መሲና፣ ታንቴክ ቼሊክ፣ አንዲ ስሚዝ፣ ራየን ኪንግ፣ ማት ሙለንዌግና ሌሎችም ወጣት ባለሙያዎች ማንም ሳይጠራ የሚመጣበት ተመሳሳይ ስብሰባ ለማድረግ ተነሡ። ለዝግጅት የነበራቸው ጊዜ ከአንድ ሳምንት አይበልጥም። ሶሻልቴክስት የተባለ ድርጅት በፓሎ አልቶ የሚገኘውን ቢሮውን ፈቀደላቸው፤ ከኦገስት 19 እስከ 21 በተደረገው ስብሰባም 200 ያህል ሰዎች ተገኙ። ስሙን «ባርካምፕ» አሉት። የፕሮግራም ጸሐፊዎች ስም ላልወጣለት ነገር ምሳሌ ሲሰጡ «ፉ» እና «ባር» የሚሉ ቃላትን አከታትለው መጠቀም ልማዳቸው ነውና፣ ፉ ካለ ባር ሊከተል ይገባል ማለታቸው ነበር። ዋናው ደንብ ተመልካች እንዳይኖር ነው፤ የመጣ ሁሉ ወይ ያቀርባል ወይ ይረዳል።

የባርካምፕ መሥራቾች ስሙን በንብረትነት አልያዙትም፤ ዘዴውንም ማንም እንዲወስደው ተዉት። ከዚህም የተነሣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር በአምስተርዳም ተደገመ፤ ከዚያም በየአህጉሩ ተሠራጨ። ከዚሁ ሥር ሌሎች ቅርንጫፎች በቀሉ፤ በ2006 በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረው የዎርድፕሬስ ተጠቃሚዎች «ዎርድካምፕ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ክሪስ መሲና ኦገስት 2007 በትዊተር ላይ የቡድን ወሬዎችን ለመለየት ዛሬ «ሃሽታግ» የሚባለውን ምልክት መጠቀምን ሲያሳስብ፣ ለምሳሌ የጠቀሰው ስም ባርካምፕ ነበር። እንግዲህ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ምልክት የቀረበው ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበትን መንገድ ለማቅናት ሲባል ነው።

አንድ ሰው ብቻ የመጣበት ውይይት

የዚህ ልማድ ፍሬ ከታየባቸው ጉዳዮች ሁሉ የዴቭኦፕስ ታሪክ የጎላ ነው። በ2008 በቶሮንቶ ካናዳ በተደረገ የሶፍትዌር ሥራ ጉባኤ ላይ አንድሩ ሼፈር የተባለ ባለሙያ ከመደበኛው ፕሮግራም ውጭ አንድ ውይይት እንደሚመራ ማስታወቂያ ለጠፈ። ርእሱ የፕሮግራም ጸሐፊዎች የአሠራር ዘዴ ለኮምፒዩተር ማዕከሎች አስተዳደር ስለሚውልበት መንገድ ነበር። የሚመጣ ሰው እንደሌለ ስለ ገመተ ሼፈር ራሱ ከክፍሉ ቀረ። የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ፓትሪክ ደብዋ የተባለ ቤልጂጋዊ ነው። ደብዋ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ሼፈርን ፈልጎ በመተላለፊያው ላይ አገኘው፤ ሁለቱም ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ።

ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። በብዙ ድርጅቶች ፕሮግራም የሚጽፉትና ፕሮግራሙን በሥራ ላይ የሚያቆዩት ሠራተኞች በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ተከፍለው እርስ በርሳቸው በጥርጣሬ ይተያዩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አዲስ ነገር ቶሎ እንዲወጣ ይፈልጋሉ፤ ሁለተኞቹ ደግሞ ሌሊት ከእንቅልፋቸው የሚጠሩት አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ነውና ለውጥን ይፈራሉ። በጁን 2009 በሳን ሆዜ በተደረገ ጉባኤ ጆን ኦልስፖና ፖል ሃሞንድ በፍሊከር ድርጅት ሁለቱ ወገኖች ተባብረው በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ማሻሻያ እንደሚያወጡ አስረዱ። በዚያ ለመገኘት ያልቻለው ደብዋ ንግግሩን በሩቅ ተከታተለ፤ ከዚያም በአገሩ፣ በጌንት ከተማ፣ ኦክቶበር 30 እና 31 ቀን 2009 የመጀመሪያውን «ዴቭኦፕስ ዴይስ» ጠራ። የሙያ ዘርፉ ስሙን ያገኘው ከዚህ ስብሰባ ነው። ጉባኤው ዛሬም በብዙ አገሮች በየከተማው ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ልማዱ ጧት ጥቂት የተዘጋጁ ንግግሮችን ማሰማትና ከሰዓት በኋላ ቦታውን ለክፍት ስፍራ ውይይት መልቀቅ ነው። መድረኩን ፈጽሞ ማፍረስ ሳይሆን ድርሻውን መወሰን ይቻላል ማለት ነው።

አምስት ሰው ባልተፈቀደበት አገር

ዘዴው በካሊፎርኒያ የመዝናኛ ያህል ሊታይ ይችል ይሆናል። በበርማ፣ ዛሬ ማይንማር በምትባለው አገር፣ ግን ሌላ መልክ ነበረው። በሴፕቴምበር 1988 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ አገዛዝ አምስትና ከአምስት በላይ የሆኑ ሰዎች በአንድነት እንዳይሰበሰቡ የሚከለክል ትእዛዝ አውጥቶ ነበር፤ ትእዛዙ የተሻረው በጃንዋሪ 2013 ነው። እንዲህ ያለው ትእዛዝ በመጽሐፍ ላይ ሳለ፣ በጃንዋሪ 2010 በያንጎን ከተማ በተደረገው ባርካምፕ ከ2,700 በላይ ሰዎች ተገኙ። በፌብሩዋሪ 2011 ደግሞ የተመዘገቡት ከ4,700 በለጡ። በትውልድ ቦታው በፓሎ አልቶ በ200 ያህል ሰው የተጀመረው ስብሰባ በያንጎን ከሃያ እጥፍ በላይ ሆነ።

የስብሰባው ርእስ ኮምፒዩተር እንጂ ፖለቲካ አልነበረም። ቢሆንም፣ የሚነጋገርበትን ነገር ራሱ መርጦ በሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ያልጣመውን ትቶ ወደ ሌላው ክፍል መሄድ፣ የማያውቀውን ሰው አስተያየት መጠየቅ፣ አጀንዳ ሁሉ ከላይ በሚወርድበት አገር ላደገ ወጣት ትንሽ ነገር አይደለም። በፌብሩዋሪ 2021 የጦር ኀይሉ በማይንማር ሥልጣኑን መልሶ ያዘ። የስብሰባ ነጻነት አንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚቀር ሀብት እንዳልሆነ ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

የክፍቱ በር ጉድለት

የዘዴው ወዳጆች ብዙ ቢሆኑም ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጆ ፍሪማን ገና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሴቶች ንቅናቄ ባቀረበችው ጽሑፍ፣ መዋቅር የለንም የሚሉ ማኅበሮች መዋቅር አጥተው ሳይሆን መዋቅራቸው ተሰውሮ እንደሚገኝ አስረድታ ነበር። ሊቀ መንበር በሌለበት ሊቀ መንበር የሚሆነው ድምፁ የጎላው፣ ቀድሞ የሚተዋወቀው፣ ቋንቋው የተቃናለት ነው። በምርጫ ያልተሾመን ሰው በምርጫ ማውረድ ደግሞ አይቻልም። ይህ ሒስ ለባርካምፕም ይሠራል።

ከዚህም በላይ «የመጣው ሁሉ የሚገባው ሰው ነው» የሚለው መመሪያ ለመጡት ማጽናኛ ሲሆን፣ ላልመጡት ግን መጋረጃ ሊሆን ይችላል። የዕረፍት ቀኑን ለስብሰባ ማዋል የሚችለው ማን ነው? ሕፃን የታቀፈች እናት፣ የሌሊት ተረኛው ሠራተኛ፣ የጉዞ ገንዘብ ወይም ቪዛ ያላገኘው የሩቅ አገር ባለሙያ በሩ ክፍት ቢሆንም አይገቡም። በ2010ዎቹ ዓመታት ብዙ የቴክኖሎጂ ጉባኤዎች የሥነ ምግባር ደንብ በጽሑፍ ማውጣታቸው፣ በጎ ፈቃድ ብቻውን ለሁሉም እኩል ከለላ እንደማይሆን በመረዳት ነው።

ሌላው ጉድለት የመርሳት ነው። የታተመ ጥናት ከሌለ በመተላለፊያው የተነገረው ቁም ነገር ከቡናው ጋር ይቀዘቅዛል። አባቶች «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይላሉ፤ ነገር ግን የነበረው ካልጻፈው ላልነበረው አይደርስም። ለዚህ መድኃኒት ካገኙት አንዱ በ2005 ካሊያ ያንግ፣ ዶክ ሰርልስና ፊል ዊንድሊ የመሠረቱት የኢንተርኔት መታወቂያ ጉዳይ ዐውደ ጥናት ነው። ዐውደ ጥናቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማውንቴን ቪው የኮምፒዩተር ታሪክ ቤተ መዘክር ይደረጋል። አጀንዳው በየጧቱ በተሰብሳቢዎቹ ይወጣል፤ ሆኖም የየውይይቱ ማስታወሻ ተሰብስቦ በመጽሐፍ መልክ ይዘጋጃል። ሰዎች በኢንተርኔት ማንነታቸውን የሚያስረዱባቸውን የጋራ ደንቦች ያወጡ መሐንዲሶች በዚህ ጉባኤ ዓመት ከዓመት ሲገናኙ የኖሩት ነጻ ንግግርንና የጽሑፍ ትውስታን አንድ ላይ በማስኬዳቸው ነው።

እንግዲህ ከዚህ አጭር ታሪክ የሚገኘው ትምህርት መድረክ ሁሉ ይፍረስ የሚል አይደለም። ብዙ ዘመን የተደከመበት ምርምር በዝግጅት ሊነገርና በጸጥታ ሊሰማ ይገባዋል። ነገር ግን የአንድ ሙያ ዕውቀት በጥቂት አንጋፋዎች አእምሮ ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ ትናንት ማታ የተበላሸ መሣሪያ ሲጠግን ባደረው፣ ስሙ በፕሮግራም ላይ ባልታተመው ባለሙያ እጅም አለ። ማኅበሩ እርሱ የሚናገርበትን ሰዓት ካላበጀለት ዕውቀቱ በመተላለፊያው ቀርቶ ይበተናል። ሰዓት ማበጀት ግን ለብቻው አይበቃም፤ ዝምተኛው እንዲናገር መጠየቅ፣ ያልመጣው ለምን እንዳልመጣ መመርመር፣ የተባለውንም መጻፍ ያስፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሎሚው ለሃምሳው እንዲዳረስ ግን በቅድሚያ ሃምሳው ሰው በቦታው መገኘት አለበት።